ደረቷ የጎደጎደው መውቂያ

እስቲ ጠጋ በሉ። ብረት እንደ ሰው በሚያማርርበት፣ በሬም እንደ ጎረቤት በሚመልስበት ዘመን ነው አሉ። ወርዶፋ የሚባል፣ የተጨረመተ ላሜራ የሚያቃና ሰው ነበረ። የሰውን ብረት ሲያቃና ኖሮ የራሱ ትከሻ ጎብጧል።

አንድ ቀን ጥሩዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ መጣችበት።

«ጋሼ፣ የስንዴ መውቂያ ማሽኔ ደረቷ ጎድጉዶ ቆማለች። እህሉ ተከምሯል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመን ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

ወርዶፋ «ደክሞኛል» ሊላት አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ግን መሣሪያውን አንስቶ ተከተላት።

አሮጊቷ መውቂያ አውድማው ላይ ዝገት ለብሳ ቆማለች። የደረቷ ላሜራ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከረውን ሆዷን ይዞታል። ጥሩዬ ክምሩን በሸራ ልትሸፍን ሄደች።

«ማን መታሽ?» አላት ወርዶፋ።

«ቦራ ነው፤ በቀንዱ።»

በሬው ቦራ አጠገቧ ተኝቶ ያመነዥካል። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ አውድማ ላይ ዞሬያለሁ። እሷ ስትመጣ እኔን የመሸጥ ወሬ ተጀመረ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ወርዶፋ መፍቻውን አነሳ። ላሜራውን ፈትቶ አወረደ።

ትልቁ መዶሻ «እኔን አንሳኝ! ባንድ ምት እጨርሰዋለሁ» አለ። ወርዶፋ መታ። ጉድጓዱ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ሄደ።

ከአውድማው ራቅ ብሎ ያነደደው እሳትም «ለእኔ ስጠኝ፣ አለሰልሰዋለሁ» አለ። ወርዶፋ አጋለው። ያረጀው ላሜራ ሳስቶ ሊቀደድ ደረሰ።

«ኧረ ተዉኝ!» አለ ላሜራው። «ሁላችሁም ከፊት ትመቱኛላችሁ፤ ከኋላ የሚይዘኝ የለም።»

ትንሹ የእንጨት መዶሻም «እውነቱን ነው» አለ። «ከኋላ ብረት ከተደገፈለት፣ እኔ ከዳር ከዳር እያልኩ እመልሰዋለሁ።»

ወርዶፋ ባንድ እጁ ደግፎ በሌላው ሊመታ ሞከረ። ብረቱ አመለጠው። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቦራ ማመንዠኩን ተወ። «አንተም ደከመህ?»

«ከደከመኝ ቆየ።»

«እኔንም» አለና እያቃሰተ ተነሳ። «ብረቱን ግንባሬ ላይ አድርገው።»

መውቂያዋ «የመታኸኝ አንተ፣ የምትደግፈኝም አንተ?» አለች።

«ዝም በይ። አዲስ ማሽን ሲመጣ አንቺም መሸጥሽ አይቀርም።»

በሬው በግንባሩ ደገፈ፣ ወርዶፋ ከዳር ጀምሮ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገ። ላሜራው ቀስ እያለ ተመለሰ። እንደ አዲስ አልሆነም፤ ጠባሳው ቀረ። መልሶ ሲገጥመው ግን የመውቂያዋ ሆድ ተሽከረከረ።

ዝናቡ ሲወርድ ሳይወቃ የቀረው የክምሩ ጥግ ብቻ ነበር። ያ ጥግ በሰበሰ፤ ሌላው ጎተራ ገባ። ጥሩዬ የሆነውን ስትሰማ ቦራን ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ ከደጅ መለሰችው። ወርዶፋም ትከሻውን እያሻሸ፣ በጭቃው ቀስ እያለ ቤቱ ገባ።

የጎደጎደ ነገር የሚቃናው በምት ብዛት እንዳይመስላችሁ። የደከመው ለደከመው ጀርባ ሲሆነው ነው። ተረቴን እዚህ አስቀመጥኳት፤ ያልደከመው ያንሳት።