የአንጓች ሸራፋ ዋንጫ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ዛሬ ከብት የሚያርፍበት የመንደራችን የሾላ ማዶ ሾላ ገና ፍየል የሚነጨው ችግኝ በነበረበት ዘመን፣ ሰው በቃሉ በሚያድርበት፣ በሐሜትም በሚሞትበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ርስት የላት፣ ልጅ የላት፣ ባሏን መጋኛ ነጥቋታል። የነበራት ከአማቷ የወረሰችው ጎጆ፣ ሁለት ጋን፣ ጥቂት የቀንድ ዋንጫና ሙያ ያለው እጅ ነው።

አንጓች ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠላዋ ሲጠጡት ጉሮሮ አይዝም፣ ሲያድሩ ራስ አይመታም። ሽሮዋ ገና ከምድጃው ሳይወርድ ዳገቱ ላይ ያለውን መንገደኛ ያስቆማል። በጾም ተልባ ትበጠብጣለች፣ በፍስክ ዱለት ትሠራለች። ገበሬው ከእርሻው፣ ነጋዴው ከገበያው፣ ከሚስቱ የተጣላውም ከቤቱ ወደ እሷ ይመጣል። የመጣ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ይበላል፣ የበላ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ነገር ግን በዚያ ቤት አንድ ክፉ ልማድ ነበር። አንጓች አላመጣችውም፤ ከጎጆው ጋር ወረሰችው። አጥሩ ላይ አይጥ አፉን የቆረጠመው ሸራፋ ዋንጫ ተንጠልጥሏል። የሰቀለው የድሮው ጭቃ ሹም ነው፣ በእሷ ዘመን ጭቃ ሹም የነበረው የጓንጉል አባት። የቀጥቃጩ ዋንጫ ነው ይሉታል።

ቀጥቃጩ ጀምበሬ ነው። ያገሩን ማረሻ ሁሉ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ግን ቡዳ ነው ይባላል። እንደ አባቱና እንደ አያቱ፣ እሱም ከሰው ገበታ አይቀርብም፣ በሰው ዋንጫ አይጠጣም። ደጅ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆሞ በዚያ በሸራፋው ይጠጣል፤ ሽሮውንም በኮባ ቅጠል ተቀብሎ ይበላል። በታችኛው ከንፈሩ ጥግ ጠባሳ አለው። አባቱም ነበረው፣ አያቱም ነበረው። ሰው «የቡዳ ማኅተም» ይለዋል። እናቶች ልጆቻቸውን «ከንፈሩን አትዩ» ይሏቸዋል።

አንጓችም ብትሆን ዓመት ሙሉ በዚያ ዋንጫ ቀድታለታለች። ሰው የሚያደርገውን ማድረግ ይቀላል።

አንድ የሐምሌ ቀን ግን ሰማዩ ተቀደደ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጭቃ ሹም ጓንጉልም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። አንጓች ለጀምበሬ ልትጨምርለት ብቅ ስትል፣ የጣራው ጠፈጠፍ ወደ ሸራፋው ዋንጫ ይንቆረቆራል። ጀምበሬም ዝም ብሎ ይጠጣል።

«ጀምበሬ፣ ምን እየጠጣህ ነው?» አለችው።

«የሰጠሽኝን ነው፣ እትዬ።»

«እኔ የሰጠሁህ ጠላ ነው። ይህ ጎርፍ ነው። ግባ።»

«ተይ እትዬ፣ ነገር አታምጪብኝ።»

«ግባ ብዬሃለሁ» አለችና ዋንጫውን ከእጁ ወስዳ ቀድማው ገባች።

ጨዋታው ቆመ። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና «አንጓች፣ ሰውየውን ከነዋንጫው ወደ ቦታው መልሺ» አለ።

«ጌታዬ፣ አንጓች ጠላዋን በውሃ ታቀጥናለች ከሚሉኝ ሞት ይሻለኛል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ደጅ የሚጠጣ የለም።»

«በምን ሊጠጣ ነው ታዲያ?»

አንጓች የራሷን ዋንጫ አነሳች። ባሏ በቁሙ የሠራላት፣ የሚያብረቀርቅ ዋንጫ ነው። ቀዳችበት። እንደ አስተናጋጅ ወግ ከላዩ በመዳፏ አፍስሳ ቀመሰችና ለጀምበሬ ሰጠችው። ቀጥላም በሸራፋው ቀዳች፣ «ይህ ደግሞ የኔ ነው» ብላ ጠጣች። የዋንጫው ስብራት ከንፈሯን ቆረጣት። በነጠላዋ ጠረገችው። ጓንጉል ተነሳ። እሱ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ ተነሳ፤ በዚያ ዝናብ አንድ ባንድ ወጥቶ ሄደ። የቀሩት አንጓችና ጀምበሬ ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ፈተናዋ ይህ ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። ቤቷ ኦና ሆነ። ትጠምቃለች፣ የሚጠጣ የለም። ጠላው ይሆመጥጣል፣ ትደፋዋለች፣ እንደገና ትጠምቃለች። ሽሮ ትሠራለች፣ ለሰፈር ውሻ ይተርፋል። መስቀል አለፈ፣ የሚያንኳኳ የለም። ሰው ሰላምታዋን እንኳ ሸሽቶ መንገድ ይቀይር ጀመር። አንጓች ሳቂታ ነበረች፤ በዚያ ወራት ግን ከጋኗ ኋላ ሄዳ ታለቅስ ነበር።

ጀምበሬ ይህን አየ። አንድ ቀን ደጁ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እኔ ብቀርልሽ ሰዉ ይመለሳል። ልቅርልሽ» አላት።

«ያለኝ ደንበኛ አንተ ብቻ፣ እሱም ሊሄድብኝ ነው እንዴ?» አለችው። «ቁጭ በል። ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው።» ቁጭ አለ። እሷም በሸራፋው ጠጣች፣ እንደገናም ከንፈሯን ቆረጣት።

መጀመሪያ የተመለሰው ማን ይመስላችኋል? አያ ደርበው ነው፣ በጾምም በፍስክም ሆዱን የማይዋሽ ሽማግሌ። በጓሮ በር አንገቱን አስገብቶ «አህያዬ ጠፍታብኝ ነው፤ ወዲህ አልመጣችም?» አለ። አያ ደርበው በዕድሜው አህያ ኖሮት አያውቅም። አንጓች ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አላየሁም አያ፣ እስክትመጣ ተቀምጠው ይጠብቋት» አለችው። ተቀመጠ። አንድ ሰሐን ሽሮ በላ፣ ሌላ ደገመ። በማግስቱም አህያው ጠፋችበት። በሳምንቱ ያገሩ አህያ ሁሉ የጠፋ መሰለ፤ በጓሮም በፊት በርም እየገባ ሰው ተመለሰ። ሆድ ከሐሜት ይበረታል መቼም። ቢሆንም ከጀምበሬ አጠገብ አይቀመጡም። እሱ በአንዱ መደብ፣ እነሱ በሌላው ነበሩ።

ሦስተኛው ፈተና የመጣው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የጭቃ ሹም ጓንጉል ልጅ ዘርፌ ቆላ ወርዳ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ አልጋ ያዘች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። ሰው የቆላ ንዳድ ነው አላለም። «ተበላች» አለ። በጠራራ ፀሐይ ጓንጉል ዱላ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ፤ ጀምበሬ ምሳውን ይበላ ነበር።

«አውጪው» አለ ጓንጉል። «ልጄን በልቷታል። ዛሬ ወይ ይህን አገር ይለቃል፣ ወይ ጎጆው ላይ እሳት ይለቀቅበታል።»

አንጓች በሩ ላይ ቆመች። ጓንጉል ሹም ነው፣ ጎጆዋን ማስነቀል ይችላል። ቢሆንም ከበሩ አልተነሳችም።

«ምስክር አለዎት፣ ጌታዬ?»

«ምስክሩ ከንፈሩ ላይ አለ። ማኅተሙን ዕውር እንኳ ያየዋል።»

አንጓች ባሏ ከሞተ ጀምሮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው የምትውለው። ያን ዕለት ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። በታችኛው ከንፈሯ ጥግ፣ ልክ እንደ ጀምበሬ፣ ያው ጠባሳ ነበር። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። «ወይ ጉድ፣ እሷንም ለከፋት» አለ አንዱ።

አንጓች ገብታ በሸራፋው ዋንጫ ቀዳች። በመዳፏ ቀመሰችና ለጓንጉል ዘረጋችለት። «ልጅዎን ለማዳን እሳት ሊያነዱ መጥተዋል። እንግዲያስ ከእሳቱ በፊት ይህን ይጠጡ። ወይስ የአንጓችን ጠላ ፈሩት?»

ጓንጉል ፈራ እንዳይባል ተቀበለ። ጠጣም። ከጠላው ጋር ደም ከከንፈሩ ጥግ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። በእጁ ዳበሰው፣ እጁን አየ። ከዚያ ጀምበሬን አየ። ሰዉም የጭቃ ሹሙን ከንፈር አየ።

«ይህን ዋንጫ አጥሩ ላይ የሰቀሉት አባትዎ ናቸው» አለች አንጓች ቀስ ብላ። «የቀዳንበት እኛ ነን፣ እኔም ጭምር። በአያቱ ከንፈር፣ በአባቱ ከንፈር፣ በእሱም ከንፈር ማኅተሙን ያተምነው እኛው ነን፣ ጌታዬ።»

ጓንጉል ይቅርታ አላለም፤ በዚያ ዘመን ሹም ይቅርታ አይልም። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ገባና ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ሌላ ሰው ባልተቀመጠበት መደብ፣ ከጀምበሬ አጠገብ ተቀመጠ። «ቅጂልኝ» አለ፣ ያንኑ ሸራፋ ዋንጫ ዘርግቶ። አንጓች ግን ከእጁ ተቀበለችውና በደህናው ዋንጫ ቀዳችለት። «እርስዎ እንግዳ ነዎት» አለችው። «ሸራፋው የባለቤት ነው።»

ዘርፌ ንዳዱ እንደመጣ ሄደላትና ተነሳች። ጀምበሬ የዋንጫውን አፍ በብረት ልጠግንልሽ ብሎ አንጓችን ደጋግሞ ለመናት። «ተወው፣ ከተጠገነ ይረሳል» አለችው። እስክትሞት በዚያው ጠጣች። ስትሞትም ከቃሬዛዋ አንዱን እግር ጓንጉል፣ ሌላውን ጀምበሬ ተሸከመ።

ለዚህ ነው ሾላ ማዶ ውስጥ ጠላ ቤት የሚከፍት ሁሉ ሸራፋ ዋንጫ ለራሱ የሚያስቀምጠው። ከሌለው አዲሱን ይሸርፋል። ለዚህ ነው ሰው ሰውን ሲያማ፣ እገሌ እንዲህ ያለ ምልክት አለበት ሲል፣ ሽማግሌ «በየትኛው ዋንጫ ጠጥቶ ነው?» የሚለው።

እኔም ጠላ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ያላመነ ቀረብ ይበልና ከንፈሬን ይይ።