ለማንጠግቦሽ እግር እሺ ባይ ጠፋ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም «እሺ» በሉኝ። ጮክ ብላችሁ በሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ እሺ የሚል ሰው በቀላሉ አታገኙምና።

ይርገዱ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በመናኸሪያው በር ላይ፣ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ማንጠግቦሽ ድብብቆሽ ስትጫወት አጥር ስትዘል እሾህ ቅልጥሟን ወጋት። እሾሁ ወጣ፤ መርዙ ግን ውስጥ ቀረ። ቅልጥሟ አበጠ፣ ቀላ፣ ጋለ። ይርገዱ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ እጁን የታጠበ፣ ምላጭ የያዘ ሰው ያንን እባጭ በጥፍር ልክ ቀዶ መግሉን እንዲያፈስላት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ልጇን አዝላ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄደች። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ላቀው ይባላል፤ እጁ ቀላል ነው እየተባለ የሚወራለት ሰው ነበር። እግሯን ዳሰሰና «መግል ይዟል፤ ክኒን ብቻውን አይደርስበትም። መቀደድ አለበት» አለ።

«ታዲያ ይቅደዱልኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ እጁን ከልጅቷ እግር ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው። «አልቀድም፣ እህቴ። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት እጄ ላይ ሞታብኝ ተከስሻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሉ ኃላፊ ካልፈረመልኝ ምላጭ አልነካም። እሱ ይፈርም እንጂ እኔማ ዛሬውኑ እቀዳለሁ።»

ክኒን ሰጥቶ ሸኛት። ይርገዱ ልጇን አዘለችና ወደ ኃላፊው ሄደች።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሏት። ስብሰባው ደግሞ የሕክምና ሕግ ይሻሻል አይሻሻል የሚል ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ልጇን ወለሉ ላይ አስተኝታ ቁጭ ብላ ሰማች።

«ሐኪም በስሕተቱ ካልተጠየቀ ሰው እንደ ዶሮ ሊታረድ ነው!» አለ አንዱ።

«ሐኪም እጁን ባነሳ ቁጥር ከተከሰሰ ማን እጁን ሊያነሳ ነው?» አለ ሌላው።

«የሞተችዋ ሴትስ?»

«ገና ያልሞቱትስ?»

ተጨበጨበ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እውነታቸውንም ይዘው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሲወጡ ማንጠግቦሽን ተራምደዋት አለፉ።

ይርገዱ ኃላፊውን እጀጌውን ያዘችው። «ጌታዬ፣ እርስዎ ካልፈረሙ ሐኪሙ አይቀድም፤ ሐኪሙ ካልቀደደ ልጄ አትድንም።»

«እንዴት ብዬ ልፈርም?» አለ ኃላፊው። «ከክሱ ወዲህ መድን ድርጅቱ ለቀዶ ሕክምና ክፍላችን ዋስ መሆኑን ትቷል። አንድ ነገር ቢፈጠር ሆስፒታሉ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ የት ይታከማል? መድኑ ዋስ ካልሆነ አልፈርምም።»

«ሌላ ሆስፒታል ልውሰዳት?»

«ከተራራው ማዶ አንድ አለ። የክሱን ወሬ ከሰሙ ወዲህ እነሱም በሽተኛ ወደ እኛ ነው የሚልኩት።»

ይርገዱ ልጇን አዘለችና ወደ መድን ድርጅቱ ሄደች። እዚያ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠ፣ ድምፁ ማር የሆነ፣ ሁሉን ሰው «እናቴ» የሚል ሰው አገኘች።

«ጌታዬ፣ መድኑ ዋስ ካልሆነ ኃላፊው አይፈርም፤ ኃላፊው ካልፈረመ ሐኪሙ አይቀድም፤ ሐኪሙ ካልቀደደ ልጄ አትድንም።»

«ውይ እናቴ፣ በጣም አዘንኩ» አለ። እውነቱን ነው፣ አዝኗል፤ እንዳያዝን የሚከለክለው ነገር የለማ። «ግን እኛ ያለ ጠበቃችን ቃል ትንፍሽ አንልም። ጠበቃው ካልፈቀደ ዋስ አንሆንም።»

በዚህ መሀል ቀናት አለፉ፤ እብጠቱም ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። ልጅቷ መጀመሪያ ስታለቅስ ነበር፤ አሁን ማልቀሱን ትታ ታቃስታለች። ይርገዱ ለቅሶው በቀረ ጊዜ ይበልጥ ፈራች።

ጠበቃውን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጫማውን ሲያስጠርግ አገኘችው። «ጌታዬ» አለችው፣ «እርስዎ ካልፈቀዱ መድኑ ዋስ አይሆንም፤ መድኑ ዋስ ካልሆነ ኃላፊው አይፈርም፤ ኃላፊው ካልፈረመ ሐኪሙ አይቀድም፤ ሐኪሙ ካልቀደደ ልጄ አትድንም።»

ጠበቃው አንዱን እግሩን አውርዶ ሌላውን ሰቀለ። «የሐኪሙ የክስ መዝገብ ክፍት ነው፣ እመቤት። መዝገብ ክፍት እያለ ፈቅጄለት ልጅሽ ብትሞትስ? ያው ሐኪም፣ ያው ምላጭ ብለው ጉድ ያፈሉብናል። ዳኛዋ መዝገቡን ካልዘጋች አልፈቅድም።»

«ሳይቀድዳት ብትሞትስ?»

«ለዚያ እኛ አንጠየቅም» አለ ጠበቃው። ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የተማረውን ነው የተናገረው።

ዳኛዋ ግን የልጅቷን እግር አይታ መነጽሯን አወለቀች። ይርገዱ እንባዋን እየዋጠች ጀመረች። «እመቤቴ፣ እርስዎ መዝገቡን ካልዘጉ ጠበቃው አይፈቅድም፤ ጠበቃው ካልፈቀደ መድኑ ዋስ አይሆንም፤ መድኑ ዋስ ካልሆነ ኃላፊው አይፈርም፤ ኃላፊው ካልፈረመ ሐኪሙ አይቀድም፤ ሐኪሙ ካልቀደደ ልጄ አትድንም።»

«እኔም እናት ነኝ» አለች ዳኛዋ። «ነገር ግን ሰውየው ሚስቱ ሞታበት ፍትሕ ብሎ መጥቷል። በሕግ ፊት የቆመን ሰው በቃህ ብዬ ላባርረው አልችልም። ከሳሹ ክሱን ካልተወ መዝገቡን አልዘጋም።»

ከሳሹ አቶ ገረመው የሚባል አናጢ ነው። ቤቱ ከወፍጮው በስተጀርባ ነበር። ይርገዱ በሩን ስትገፋ የለቅሶ ቤት ጠበቃት። ሚስቱ ትርንጎ ከተቀበረች ክረምት አልፎ በጋ ገብቷል፤ የሐዘንተኛ ሰሌን ግን እንደተነጠፈ ነው። ገረመው ጢሙን አሳድጎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እዚያው ሰሌን ላይ ተቀምጧል።

«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ» ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። ከዚያ ነገሯን አወጣች። «ጋሼ ገረመው፣ እርስዎ ክሱን ካልተዉ ዳኛዋ መዝገቡን አትዘጋም፤ ዳኛዋ ካልዘጋች ጠበቃው አይፈቅድም፤ ጠበቃው ካልፈቀደ መድኑ ዋስ አይሆንም፤ መድኑ ዋስ ካልሆነ ኃላፊው አይፈርም፤ ኃላፊው ካልፈረመ ሐኪሙ አይቀድም፤ ሐኪሙ ካልቀደደ ልጄ አትድንም።»

ገረመው ልጅቷን አየ፤ ፊቱን አዞረ።

«አልተውም» አለ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ትርንጎ በእግሯ ሄዳ በቃሬዛ ወጣች። አገር ሁሉ ለቅሶ ደረሰኝ። የተጣላኝ ሳይቀር መጣ። ያ ሐኪም ብቻ ቀረ። ድንኳኔ ተተክሎ እያየ መኪናውን አዙሮ በታች መንገድ ሄደ። ምን እንደሆነች እንኳ የነገረኝ የለም። እኔ ውሻ ቀበርኩ? እሱ መጥቶ እዚህ ሰሌን ላይ ካልተቀመጠ፣ እንዴት እንደሞተች በአፉ ካልነገረኝ፣ ክሱን አልተውም፤ ሰሌኔንም አላነሳም።»

ይርገዱ እየሮጠች ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ደስ ብሏት ነበር፣ ምስኪን! ነገሩ አንድ ሰው ለቅሶ ቢደርስ የሚያልቅ መስሏታል።

«ዶክተር» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «እርስዎ ለቅሶ ካልደረሱ ከሳሹ ክሱን አይተውም፤ ከሳሹ ካልተወ ዳኛዋ አትዘጋም፤ ዳኛዋ ካልዘጋች ጠበቃው አይፈቅድም፤ ጠበቃው ካልፈቀደ መድኑ ዋስ አይሆንም፤ መድኑ ዋስ ካልሆነ ኃላፊው አይፈርም፤ ኃላፊው ካልፈረመ እርስዎ አይቀዱም፤ እርስዎ ካልቀደዱ ልጄ አትድንም!»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ለቅሶ መድረስ ፈልጌ ነበር። የከለከለኝ ጠበቃው ነው። ለቅሶ ከደረስክ ጥፋትህን እንዳመንክ ይቆጠራል፣ መድኑም ለዚህ ክስ አይቆምልህም፣ ሥራህም ይቀራል አለኝ። እሱ ካልፈቀደ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ?»

ያን ጊዜ ይርገዱ ገባት። ዶክተሩ ጠበቃውን ይጠብቃል፣ ጠበቃው ዳኛዋን ይጠብቃል፣ ዳኛዋ ከሳሹን ትጠብቃለች፣ ከሳሹ ዶክተሩን ይጠብቃል። ሁሉም ተያይዘው ቆመዋል፤ መሀላቸው ልጇ ትበሰብሳለች። አልጮኸችም፣ እግሩ ላይም አልወደቀችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት፤ የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈታች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የእግር ጣቶቿ ጠቁረዋል።

«ይዩዋት» አለች። «ማንም አይፈቅድልዎትም። ማንም ለእኔም አይፈቅድልኝም። ዝም ብለው ይዩዋት።»

ዶክተር ላቀው አየ። ከዚያ ነጭ ጋዋኑን አወለቀ። ከሆስፒታሉ ዘበኛ ነጠላ ተበደረ፤ አዘቅዝቆ ለበሰና በእግሩ ከከተማው መሀል ገባ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። ይርገዱ ልጇን አዝላ ተከተለችው።

ገረመው ሲያየው አልተነሳም፣ ና ግባም አላለውም። ዶክተሩ ገብቶ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናዎ፣ አቶ ገረመው» አለ። ቀጠለም፤ «ደም ሲፈሳት ቶሎ አላወቅሁም። ባወቅሁ ጊዜ ረፍዶ ነበር። ከእኔ የተሻለ ሐኪም ቢሆን ያተርፋት ይሆናል፤ አላውቅም። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው እንደሚጠብቁኝ አውቄ በጓሮ ወጣሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።»

ገረመው ያን ሁሉ ወር ያላለቀሰውን አለቀሰ። ዶክተሩም አለቀሰ። ሲያበቃ ገረመው ተነስቶ ሰሌኑን ጠቀለለና ግድግዳው ላይ አቆመው፤ «ተውኩ» አለ።

ገረመው ቢተው ዳኛዋ መዝገቡን ዘጋች። ዳኛዋ ብትዘጋ ጠበቃው ፈቀደ። ጠበቃው ቢፈቅድ መድኑ ዋስ ሆነ። መድኑ ዋስ ቢሆን ኃላፊው ፈረመ። ኃላፊው ቢፈርም ሐኪሙ ምላጩን አነሳ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ተባባሉ። አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ለካ ይቻል ኖሯል!

ምላጩ ግን አልበቃም፤ መጋዝ አስፈለገ። በጥፍር ልክ ተቀድዶ ይድን የነበረው የልጅቷ እግር ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ማንጠግቦሽ ዳነች፤ ይርገዱ የጠየቀችውን አገኘች።

ጎረቤት ሆስፒታሉ ውስጥ ተሰብስቦ «ክሰሻቸው!» አላት። ጠበቃ ነኝ ባይም አልጠፋ። ገረመው ሳይቀር አልጋው እግር ስር ቆሞ «እኔንም ክሰሽኝ፤ በሐዘኔ የያዝኳት እኔ ነኝ» አለ። ይርገዱ ግን ዞር ብላ አየች። ከማንጠግቦሽ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማኔ ክንዱ አብጦ ሐኪም ይጠብቃል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ዶክተር ላቀውም መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አይገባም። ሽማኔውን አያይም፤ የሚያየው የይርገዱን አፍ ነው።

ይርገዱ ያን ዓይን አወቀችው። ብትከስ ነገ የሽማኔው ሚስት ያንኑ መንገድ ልትዞረው ነው። ባትከስ ስለ ማንጠግቦሽ እግር የሚጠየቅ ሰው የለም።

«ይግቡና ይቅደዱለት» አለች በመጨረሻ። «አልከስም። ይቅር ግን አላልኩዎትም።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ይህን የተናገረ አፍ እህል አያሰኘውም።