የአባ ጎፈር ኬላ

በዱሮ ዘመን፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው በሌለ አገር፣ ሦስት ጎረቤቶች ይኖሩ ነበር። ከላይ ከርከሮዎች፤ የጨው አፈር አላቸው፣ ውሃ የላቸውም። ከታች ጃርቶች፤ የማይነጥፍ ምንጭ አላቸው፣ ጨው የላቸውም። መሀል ላይ፣ ከገደል አፋፍ፣ ዝንጀሮዎች፤ ያላቸው እሾህና አንድ ንጉሥ ነው። ንጉሡ አባ ጎፈር ይባላል። ጎፈሩን ሲያበጥር ይውላል፤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ሦስቱ ተሰብስበው፣ "ከጨው እስከ ውሃ አንድ መንገድ እንጥረግ፤ በየአገሩ ተራ በተራ ደቦ እንውጣ" ተባባሉ።

አባ ጎፈር ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔም አለሁበት!" አለ።

መጀመሪያ ከርከሮዎች ዘንድ ወጡ። ከርከሮው ቆፈረ፣ ጃርቷ ማሰች። አባ ጎፈር ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ "በርቱ! እኔም አለሁበት!" ይላል። ንፍሮው ሲቀርብ ግን ቀዳሚው እሱ ነው። ቀጥለው ጃርቶች ዘንድ ወጡ። እዚያም ጥላ፣ እዚያም ንፍሮ፣ እዚያም "እኔም አለሁበት!" ልጆቼ፣ የደቦ ንፍሮ የበላ ጉልበት እንዳለበት ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ለንጉሥ ግን ማን ይንገረው?

ተራው የዝንጀሮዎች ሆነ። ሚስቱ እመት ዝንጀሪት መጥታ፣ "ጌታዬ፣ ጎረቤቶች እሾሃችንን ሊጠርጉ ደጅ ቆመዋል። ንፍሮ ልጣድ?" አለችው።

"ምን ንፍሮ! መንገዱ ከሁለት ወገን እሾሃችን ድረስ መጥቷል። ከዚህ ወዲያ የት ይሄዳሉ? ኬላ እተክላለሁ! ጨው የያዘ ጨው ይጥላል፣ ውሃ የያዘ ውሃ ይጥላል፤ እኛ ተቀምጠን እንበላለን።"

"ልጆቹስ? ምላሳቸው በውሃ ጥም ደርቋል።"

"ይታገሱ!"

ወጥቶም ለጎረቤቶቹ፣ "ወገቤን አሞኛል፣ ደቦ የለም። ማለፍ የፈለገ ቀረጥ ይክፈል!" አላቸው። እሾሁን ጠራጊ ደጁ ድረስ መጥቶለት!

ጃርቷ፣ "ንፍሯችንን ሲበሉ ወገብዎ ደህና ነበር" አለችው።

ከርከሮው ግን፣ "ተይው እቴ፣ ከገደሉ ሥር አፈሩ ልል ነው" አላትና ተያይዘው ሄዱ።

አባ ጎፈር ድንጋይ ከምሮ፣ እላዩ ላይ ጉብ አለ። "መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ይባል የለ? ጠበቀ። ማንም ዝር አላለም። ቁልቁል ቢመለከት፣ ገደሉን ዞሮ የሚያልፍ አዲስ መንገድ ተዘርግቷል። ጨው ይወርዳል፣ ውሃ ይወጣል። ቅናት አንጀቱን አቃጠለው።

"በማን ፈቃድ!" ብሎ ጮኸ። ቀና ብሎ ያየውም የለም።

ዞር ሲል ሚስቱ ልጆቿን አዝላ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ውሃ። ጃርቶች ደቦ ጠርተዋል። እሠራለሁ፣ ልጆቼ ይጠጣሉ።"

"ቀረጥ ሳትከፍዪ በኬላዬ አታልፊም!"

ትኩር ብላ አየችው። "እንግዲያ ኬላህን ጠብቅ" አለችና በገደሉ ወረደች። የዝንጀሮ ወገን ሁሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ተከትሏት ወረደ። ንጉሡም ከእሾሁ ጋር ቀረ።

ይኸውላችሁ፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ፦ በጎረቤቱ ላይ ኬላ የተከለ፣ ዘብ ሆኖ ከደጁ ዋለ።