አያ ጅቦና አራተኛው አሠልጣኝ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መበላላቱ ሰልችቷቸው ጠባቸውን በኳስ ለመጨረስ በተስማሙበት ዘመን፣ «ገደል ሥር» የሚባል ቡድን ነበር። ፕሬዝዳንቱ አያ ጅቦ ነው። እንዴት ተመረጠ ያላችሁ እንደሆነ፣ በምርጫው ቀን «የሚቃወመኝ አለ?» ብሎ ጥርሱን ሲያሳይ እጁን ያወጣ አልተገኘም።

በዚያ አገር ዐሥር ቡድኖች ይጫወታሉ። ውድድሩ መስከረም ላይ ተጀምሮ ግንቦት ላይ ያልቃል። መጨረሻ የወጣ ቡድን ከነዘመድ አዝማዱ ከምንጩ ይባረርና ዓመቱን ሙሉ ከታች ካለው ጭቃ ኩሬ ይጠጣል። እንግዲህ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የውሃ ጉዳይ ነበር።

አያ ጅቦን ግን የሚያስጨንቀው ውሃ ሳይሆን ሥጋ ነው። ቡድኑ ለእንግዳ መቀበያ ያደለባቸው ሙክቶች ነበሩት። አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ አንድ ሙክት ይታረዳል፤ ሲሰናበትም አንድ ይታረዳል። አሠልጣኝ ፈልጋ የምታመጣው እመት ቀበሮ ናት። ይሰናበት ብላ የምትመክረውም እሷው ናት። ላመጣችበት ፍሪምባውን፣ ላባረረችበት ሽንጡን ትወስዳለች። አያ ጅቦ የተረፈውን ከነአጥንቱ ይከሰክሳል። ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ።

በዚያ ዓመት መስከረም ሳይጠባ ጎሽ ተቀጠረ። ሁለት ጨዋታ ተሸነፈና «ግንባር እንጂ ጭንቅላት የለውም» ተብሎ ተሰናበተ። ጃርት ተተካ። የመጀመሪያው ቀን ኳሷን በፍቅር ሲያቅፋት ፈነዳች፤ ከዕረፍት በፊት ተሰናበተ። ጉሬዛ ደግሞ የመጣ ዕለት ተባረረ። ጥፋቱ ምን ነበር ቢባል፣ አራጁ ተሳስቶ የመቀበያውንም የስንብቱንም ሙክት ባንድ ላይ ስላረደ፣ ሥጋው እንዳይበላሽ ነው።

ይህን ሁሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚያይ አንድ አህያ ነበር። ስሙ ጫኔ ይባላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ለተጫዋቾቹ ውሃ ሲጭን ኖሯል። የቡድኑን ችግር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ስለሌለ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን እመት ቀበሮ ጅራቷን እየነሰነሰች መጣች።

«ጫኔ፣ ሹመት መጣልህ!»

«የምን ሹመት እመት ቀበሮ? ሌላ ጀሪካን ነው?»

«አሠልጣኝነት ነው እንጂ! ከአንተ የተሻለ የለም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ ሌላ እሺ ያለ የለም። ነብር «ሚስቴ ወልዳለች» ብሏል፤ ዝሆን «ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ ልኳል። እመት ቀበሮም አህያ ቢበዛ ሁለት ጨዋታ ይቆያል ብላ አስባ፣ ሽንጡ ከወዲሁ ሸቷታል።

ጫኔ ደስም አለው፣ ፈራም። አያ ጅቦ ዘንድ ቀርቦ፣ ጆሮውን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ እላለሁ፤ ግን እስከ ጥር ድረስ አይንኩኝ» አለ።

«በአባቴ አጥንት እምላለሁ!» አለ አያ ጅቦ። የአባቱን አጥንት ማን እንደበላው በአገሩ የማያውቅ አልነበረም። ጫኔ ግን ኳስ ይወዳልና አመነ።

በመጀመሪያው ልምምድ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ «አንቺ ጥንቸል፣ የት ነው የምትጫወቺው?» ሲል ጠየቀ።

«አጥቂ ነበርኩ ጋሼ ጫኔ። ጎሽ ተከላካይ አደረገኝ። ጃርት በረኛ አደረገኝ። ጉሬዛ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተባረረ።»

«አንተስ ከርከሮ?»

«እኔማ ለየትኛው ቡድን እንደምጫወትም እየጠፋኝ ነው።»

ጫኔ ጥቂት አሰበና፣ «ጥንቸል፣ አንቺ ሩጪ። ከርከሮ፣ አንተ ከኋላ ቁም፤ ማንም እንዳያልፍህ። ዝንጀሮ፣ እጅ ያለህ አንተ ነህና በር ግባ» አለ።

«በቃ?» አሉት።

«በቃ። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።»

የመጀመሪያውን ጨዋታ አራት ለዜሮ ተሸነፉ። ጫኔ ማታ ጭድ አልወረደለትም፤ በማግሥቱ ግን ያንኑ ልምምድ ደገመ። ሁለተኛውን ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። ሦስተኛው ላይ ከርከሮ እንደ አለት ቆመ፣ ዝንጀሮ ሁለት ኳስ ከአየር ላይ ለቀመ፣ ጥንቸልም ሮጣ አንድ አገባች። አንድ ለአንድ ወጡ! ጫኔ በደስታ ሲያናፋ ገደሉ አስተጋባ። ስድስት ዓመት ውሃ ጭኖ አንድም ቀን እንዲህ አናፍቶ አያውቅም።

በማግሥቱ አያ ጅቦ ወደሚሾምበትና ወደሚሽርበት ዋርካ ሥር ተጠራ።

አያ ጅቦ ተኮፍሶ ተቀምጧል። እመት ቀበሮ ከጎኑ ሆና በጆሮው ታንሾካሹካለች።

«ጫኔ፣ ተሰናብተሃል» አለ አያ ጅቦ።

«ለምን ጌታዬ? እስከ ጥር ብለው ምለውልኝ ነበር። ደግሞስ እየተሻሻልን እኮ ነው!»

«ምን መሻሻል አለ? አማካሪዬ ቆጥራ አሳይታኛለች። መጀመሪያ አራት ነበር። ቀጥሎ ሁለት ሆነ። አሁን አንድ! እያነሰ ነው።»

«ያነሰው የገባብን ጎል ነው እኮ አያ ጅቦ!»

«እኔ ያነሰ ነገር አልወድም» አለ አያ ጅቦ።

እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንድ ችግር አለ ጌታዬ። ሙክቶቹ አልቀዋል። የስንብቱ ግብዣ በምን ይሁን?»

 አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ጫኔ ጭን መለሰ። ከአፉም ለሃጭ ጠብ አለ።

ጫኔን አራቱም እግሮቹ «ሩጥ» አሉት፤ ግን ጅብን በሩጫ አምልጦ የተረፈ አህያ ከዘመዶቹ መሐል አላስታወሰም። አፉን ከፈተ።

«መብላቱስ ይሁን ጌታዬ፤ ዕጣዬ ነው። ግን ነገ ከአንበሳ ቡድን ጋር እንጫወታለን። ደንቡ አሠልጣኝ የሌለው ቡድን ሳይጫወት ይሸነፋል ይላል። ማን ተተካ?»

አያ ጅቦ እመት ቀበሮን አያት። እመት ቀበሮ ሰማዩን አየች።

«እኔ አንድ አውቃለሁ» አለ ጫኔ። «አንድም ጨዋታ ያላለፈው። ከሁላችን በላይ የሚጮኸው። አሠልጣኝ ሁሉ ሲሳሳት ቀድሞ የሚያይ።»

«ማነው? ይጠራ!»

«እርስዎ ነዎት።»

አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔ?» አለ። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ጎፈሩን አራገፈ። «እውነትም እኔ! እስከ ዛሬ እንዴት አልታየኝም?»

እመት ቀበሮም አሠልጣኝ የማምጣቱን ሥራ አህያው ስለቀደማት በንዴት ጥርሷን አፋጨች፤ ግን ጌታዋን «አይችሉም» ማለት አልደፈረችም። «ልክ ነው ጌታዬ፤ ለእርስዎ የተፈጠረ ቦታ ነው» አለች።

«ታዲያ አሠልጣኝ በጨዋታ ዋዜማ ሆዱን አይሞላም» ሲል ጫኔ ቀጠለ። «ሆድ ሲጠግብ ዕቅድ ይተኛል። ግብዣውን ከድሉ በኋላ ያድርጉት።»

«ከድሉ በኋላ!» አለ አያ ጅቦ። «ሂድ፤ እስከዚያ ትንሽ ወፍረህ ጠብቀኝ።»

ጫኔ ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣ። ከጉብታው ማዶ ሌላ አገር አለ፤ ቁልቁል ወርዶ መሄድ ይችል ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ጥንቸልን የት ያሰልፏት ይሆን የሚለው ሐሳብ አላስኬደውም። ቁጥቋጦ ሥር ተሸሸገ፤ ጆሮዎቹ ግን ከቁጥቋጦው በላይ ወጥተው ቀሩ።

በማግሥቱ አያ ጅቦ ሜዳው ዳር ቆሞ ጥንቸልን በር አስገባት፤ ዝንጀሮን ክንፍ አደረገው፤ ከርከሮን «ወደ ፊት! ሁላችሁም ወደ ፊት!» እያለ ላከው። እስከ ዕረፍት አምስት ለዜሮ ተመሩ። ከዕረፍት መልስ ሰባት ደረሰ። ከዚያ ኳሷ ተንከባልላ እግሩ ሥር ቆመች። የቆዳ ኳስ ናት፤ እሱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልበላም። አሸተታት። ዙሪያውን ቃኘ። ዋጣት።

ዳኛው ጉማሬ ፊሽካውን ነፋ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ደጋፊው ሁሉ ጮኸ። አያ ጅቦም ደጋፊው ሲጮህ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበርና፣ እንደ ልማዱ ወደ ዋርካው ሥር ሮጦ፣ «አሠልጣኙ ተባርሯል! አሁኑኑ ከአገር ይውጣ!» ሲል አንባረቀ።

«የትኛው አሠልጣኝ ጌታዬ?» አለች እመት ቀበሮ።

«ሰባት ጎል ያስገባብን ነዋ! ኳስ የበላው! ምን ያጠያይቃል?»

እመት ቀበሮ ደብዳቤውን አቀረበች። አያ ጅቦ ሳያነብ በጥፍሩ ፈረመ። ጉማሬም ደብዳቤውን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ተጫዋቾቹም አያ ጅቦን ከበው፣ በከርከሮ መሪነት፣ እስከ ድንበሩ ሸኙት። አያ ጅቦ እየሄደ ዞር ዞር ይልና፣ «በአንድ ጨዋታ ማባረር! እንዲህ ያለ ጨካኝ ፕሬዝዳንት በሕይወቴ አላየሁም!» እያለ ያማርር ነበር።

ሲመለሱ ጥንቸል ቁጥቋጦው ላይ ሁለት ጆሮ አየች።

«ጋሼ ጫኔ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። እያለፍኩ ነበር» አለ። ከዚያ አልቻለም፤ «ዝንጀሮን ግን ክንፍ? ዝንጀሮን?» ብሎ ጮኸ።

ሳቁና ይዘውት ወረዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ጫኔ ራሱን ደፍቶ ዋርካው ሥር ሄደና የስንብት ደብዳቤውን ሲጠብቅ ዋለ። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከርከሮ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ነገ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?» አለው። ጫኔ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑን መጥረግ ነበረበት።

ዋንጫ አልበሉም። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያ ድላቸውን አገኙ፤ ግንቦት ላይ ከዐሥሩ ሰባተኛ ወጡ፤ ከምንጩም ንጹሕ ውሃ ጠጡ። እመት ቀበሮ ገደል ሥርን ለቅቃ ሄዳለች፤ በቅርቡ ያያት ወፍ እንደሚለው፣ አንበሳው ጎን ተቀምጣ በጆሮው ታንሾካሹካለች፤ የአንበሳው አሠልጣኝም ዕቃውን መሸከፍ ጀምሯል።

ከዚህ የምንማረው፣ በዘራ ማግሥት አፈሩን እየጫረ «በቀለ ወይ?» የሚል ሰው አዝመራ ባጣ ጊዜ ዘሪውን ሳይሆን የገዛ ጥፍሩን መውቀስ እንዳለበት ነው።