የቀረው አንድ ሰው

አንድ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ የመጣችሁት እንደዚያ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ስሙን አጎናፍር እንበለው። አገሩ ደብረ ሲና ነው።

የሄደ ዕለት እናቱ ወይዘሮ ጌጤነሽ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት። አለቀሱ። እሱም፣ “እማዬ፣ አይዞሽ፤ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ” አላቸው። ሰው ሆኜ! እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ዕለት ምን ሆኖ ነበር መኪናው ላይ የወጣው?

ሥራ አገኝልሃለሁ ያለው የአጎቱ ልጅ ስልኩ አልሠራም። አንድ ቀን ጠበቀው፣ ሁለት ቀን ጠበቀው። በሦስተኛው ቀን ስንቁ አለቀ። አጎናፍርም ሌላ የሚያውቀው ቦታ ስላልነበረው ወደ ወረደበት መናኸሪያ ተመልሶ ዕቃ መሸከም ጀመረ። አንድ ወር ያህል እንደ ሠራ፣ ዕቃ ተሸክሞ “ዞር በሉ!” ሲል አንድ ሹፌር ሰማውና፣ “አንተ፣ ይኼን የመሰለ ጉሮሮ ይዘህ ምን ያሸክምሃል? ና ተሳፋሪ ጥራልኝ” አለው።

ሥራ ተገኘ። መኪናው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደ ደብረ ሲና!

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው መናኸሪያው መሀል ቆሞ፣ “ደብረ ሲና! ደብረ ሲና! ገባ ገባ በሉ!” ይላል። ሻንጣ ይቀበላል፣ ጣሪያ ላይ ይሰቅላል፣ አሮጊት ደግፎ ያስገባል። መኪናው ሲሞላ በመዳፉ ጎኑን መታ ያደርግና፣ “ሂድ!” ይላል። መኪናው ወደ አገሩ ይሄዳል። እሱ ይቀራል።

እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። “ሥራ እንዴት ነው ልጄ?” ይሉታል። “ደህና ነው እማዬ፤ ትራንስፖርት ላይ ነው የምሠራው” ይላል። ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? እሱንም አይደለም። ወይዘሮ ጌጤነሽ ለጎረቤት፣ “ልጄ ቢሮ ገባ” ብለው ነገሩ። ጎረቤት ለጎረቤት ሲያወራ ደግሞ ቢሮው ላይ መኪና ተጨመረበት። አጎናፍር ይኼን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። አሁን እንዴት ይሂድ? ቢሮውን ከየት ያምጣው? መኪናውንስ?

ስለዚህ የአገሩ ሰው ሊሳፈር ሲመጣ ካየ ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ ከመኪናው ጀርባ ይዞራል። ከዚያ ሆኖ ይጣራል። ድምፁ ይሰማል፣ ሰውየው አይታይም።

በኋላ እናቱ በስልክ አንድ ነገር ነገሩት። “ዓይኔ እየደከመ ነው ልጄ። ራቅ ያለ ሰው መለየት ትቻለሁ። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ መልክህን ልየው፣ ና” አሉት። “ለፋሲካ እመጣለሁ እማዬ” አለ። ፋሲካ መጣ። ኮት ልግዛ አለ፣ አልሄደም። ሁለተኛው ፋሲካ መጣ። ለእሷ ጋቢ ሳልይዝ እንዴት አለ፣ አልሄደም። በሦስተኛው ፋሲካ ምክንያቱ ምን እንደ ነበር እሱም አያስታውሰውም። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እናቱን ይወዳል። ባዶ እጁን መታየቱን ግን አልቻለም።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ነው። በዓል የለ፣ ገበያ የለ፣ መንገደኛ የለ። መኪናው እስከ ረፋድ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ወንበር ብቻ ጎደለ። ሹፌሩ ደግሞ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። አጎናፍር ይጮኻል፦ “ደብረ ሲና! አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!”

ግማሽ ሰዓት ጮኸ። አንድ ሰዓት ጮኸ። ድምፁ ተዘጋ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። “ይኼ አንድ ሰው የት ገባ?” አለች አንዷ። “እስካሁን ቢወለድም ይደርስ ነበር” አላት ሌላው። ሰው ሳቀ። አጎናፍርም አብሮ ሳቀ፤ ቆቡን ግን ሳብ አደረገ።

በመስኮቱ በኩል ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ያለው ነው ባዶው ወንበር። ሽማግሌው አንገታቸውን አወጡና፣ “ልጄ፣ ስንት ሰው ነው የቀረው?” አሉት።

“አንድ ሰው ብቻ ነው አባባ።”

“እንግዲያው የአንዱን ሰው ሒሳብ እናዋጣለትና እንሂድ። እስከ መቼ እንቀመጣለን!” አሉ። በዚህ መንገድ የተጓዛችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ። ተሳፋሪው የሚችለውን አወጣ፣ ረዳቱ ተቀበለ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። አጎናፍርም እንደ ልማዱ ጎኑን ሊመታ መዳፉን አነሣ።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። “ቆይ፣ ቆይ። ወንበሩ ተከፍሎበት ባዶውን ከሚሄድ፣ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው ካለ ይግባበት እንጂ” አሉ። ቀጥለውም እሱን አዩት። “ለመሆኑ አንተ አገርህ የት ነው?”

ሦስት ዓመት ሙሉ እናቱን በስልክ ያታለለው አፍ እዚያ ላይ እምቢ አለው። “ደብረ ሲና ነው አባባ” አለ።

ያቺ ስታጉረመርም የነበረችው ሴት፣ “ወይ ጉድ! ጠዋቱን ሙሉ ስትጣራ የነበረው ራስህን ነው?” አለችው።

“እናት አለችህ?” አሉ ሽማግሌው።

“አለችኝ።”

“ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ነው ውጭ የቆምከው?”

“አባባ፣ ባዶ እጄን እኮ ነኝ። ልብሴንም ይኼው እያዩት ነው። የምይዝላት ነገር የለኝም። እሷም ዓይኗ ደክሟል፣ እንዲህ ሆኜ ብሄድ…” አለ።

ሽማግሌው ጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረጉ። “ዓይኗ ከደከመ ልብስህን በምን ታየዋለች?” አሉት። “እጇን ዘርግታ የምትፈልገው ፊትህን ነው። እሱን ደግሞ ይዘኸዋል። ና ግባ፣ አታስመሽን።”

አጎናፍር ገባ። ሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ሹፌሩ በመስታወት አየውና፣ “ነገ ማን ይጣራልኛል?” አለ። መልስ ግን አልጠበቀም፤ መሪውን አዞረ።

ቤት ሲደርስ የሆነውን በሙሉ አልነግራችሁም፤ እናት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ቀጥለውም፣ “ድምፅህ ምን ሆኗል?” አሉት። “መናኸሪያ ስጣራ ነው እማዬ። ቢሮ የለኝም፤ መኪናም የለኝም፤ ተሳፋሪ ጠሪ ነኝ” አለና አለቀሰ። “እኔ መቼ ቢሮ ላክ አልኩህ? ና ነው ያልኩህ” አሉት።

አንድ ሳምንት ተቀምጦ ተመለሰ። ሥራው ያው ነው፤ ዛሬም ይጣራል። ቆቡን ግን ሳብ አያደርግም። በየሁለት ወሩም ራሱ ይሳፈራል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

“ሰው ሆኜ እመለሳለሁ” ያላችሁ ስንት ናችሁ? መጠጡን ልተውና ንስሐ እገባለሁ። ትዳሬ ይስተካከልና እቆርባለሁ። ይቺ ሥራ ትደላደልና ቤተ ክርስቲያን እመለሳለሁ። ሳረጅ። ስረጋጋ። ስጸዳ። መቼ ነው የምትጸዱት? ለመታጠብ አስቀድሞ ንጹሕ መሆን ያስፈልጋል ያላችሁ ማን ነው? እግዚአብሔር ኮት አምጡ አላለም። ኑ ነው ያለው።

ሒሳቡንስ ማን ጠየቃችሁ? ወንበራችሁ ቀራንዮ ላይ ተከፍሎበታል። ያን ዕለት ኪሳችሁን ማንም አልፈተሸም። ተከፍሎ ያለቀ ወንበር ባዶውን ሲሄድ አያሳዝንም?

ደግሞ እኛ አለን፤ እኛ ጠሪዎቹ። የምንሰብከው፣ የምንዘምረው፣ ምንጣፍ የምናነጥፈው፣ ሌላውን “ግቡ፣ ቅዳሴው ሊጀመር ነው” እያልን ደጅ የምንቆመው። ስንቱን አሳፍረናል? ድምፃችን ተዘግቷል። ማታ ስንገባ ግን ያው መናኸሪያው ውስጥ ነን። ይኼን ስላችሁ ከሁላችሁ ቀድሞ የሚመለከተው እኔን ነው። ይኼን ምሳሌ ሳዘጋጅ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ።

አሁን ከዚህ ስትወጡ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። “ዛሬ የተሰበከው ለእገሌ ነበር፤ ምነው በመጣና በሰማ!” ትላላችሁ። ለእገሌም ትደውሉለታላችሁ። ተዉት እገሌን። እገሌ ምናልባት ገና ድሮ ተሳፍሯል።

ሞተሩ ተነሥቷል። ሰው ሞልቷል። እናት በር ላይ ቆማ ድምፅ ታዳምጣለች። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እስቲ እያንዳንዳችሁ ቆባችሁን ከፍ አድርጉና ማን እንደ ሆነ እዩት።