ከሜዳው ያልተነሣው
ፊታውራሪ ይመኑ ለጥ ያለው የሜዳው ማሳ ዓይናቸው ገባና፣ አምና ባልቴቷን ጭሰኛቸውን ከዚያ አስነሥተው ዳገቱ ላይ አሰፈሯት። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ውርጭ ጣለና የሜዳውን ባቄላ አንድ ሳያስቀር አቃጠለው። የሷ ግን ዳገቱ ላይ እንዳማረበት ቀረ።

ፊታውራሪ በንዴት ጦፈው አገሩ በተሰበሰበበት አስጠሯት።

«ድግምት ባትሠሪ ውርጩ የኔን አቃጥሎ ያንቺን እንዴት ማረው? መልስ ካጣሽ ዳገቱንም ትለቂያለሽ» አሏት።

ባልቴቷ ያን ሜዳ ከሳቸው የበለጠ ታውቀዋለች። እጅ ነሥታ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ ብርድ ሲመሽ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ዳገት ላይ አያድርም፤ ሜዳ ሲያገኝ ነው የሚተኛው። እዚያ ስኖር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየኅዳሩ እኔው ጋ ያድር ነበር። አምና እኔን ሲያስነሡ እሱን ረሱት።»