ቅንጣት የምታህል ነገር

አርፋችሁ ተቀመጡ፤ አንቺም ትርንጎ፣ እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ግራዝማች ውብነህ የሚባሉ ስስታም ባላባት ጤፋቸውን ለማሳጨድ የሰፈሩን ሰው ደቦ ጠሩ። ደቦ የጠራ ሰው ማብላት ማጠጣት ወጉ ነው። እሳቸው ግን ጤፉ ታጭዶ ሲያልቅ ውሃ ውሃ የሚል ጠላ ብቻ አቀረቡ። ይሄኔ ከአጫጆቹ መሃል አንዲት ምላሰኛ ባልቴት፣

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቅንጣት ታህል እህል አልቀመስንም እኮ» አለች።

ግራዝማች በሰው ፊት መደፈራቸው አናደዳቸው።

«እንግዲያው አንቺው ቅንጣት የምታህል ነገር፣ የፈለግሽውን፣ አምጪና ይሄን ሁሉ ሰው አጥግቢልኝ። ካላጠገብሽ ያቺን አንዲት ላምሽን እነዳታለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ልቧ ድንግጥ አለ። የምትኖረው የዚያችን ላም ወተት እያለበች ነው። ግን ፊቷ ላይ አላሳየችም፤ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ነገሩንስ አውቄዋለሁ። ግን እኔ ቤት አይገኝም፤ እርስዎ ዘንድ ነው መፈለግ ያለበት።»

«ጎተራዬን ልታስከፍቺኝ ነው?»

«ኧረ ጎተራው ተዘግቶ ይቆይ። ቅንጣት ታህል ይሉኝታ ብቻ እርስዎ ልብ ውስጥ ትገኝ፤ ጎተራውን ራስዎ ይከፍቱታል፣ እኛም ጠግበን እንገባለን።»

ያ ሁሉ አጫጅ በሳቅ ፍርስ አለ። ላሟንማ ማን ይነካታል፤ ግራዝማች የሚገቡበት ቢያጡ «በሉ ያንን ሙክት እረዱ» አሉና ሰዉ ገና ቢላዋ ሲስል... ቆዩኝ፣ እቴቴ ከጓዳ እየጠራችኝ ነው፤ አቤት እቴቴ፣ መጣሁ፣